ተገዝተው ያልተዋሃዱ ድርጅቶች ዕዳ

የአሜሪካው የኔትወርክ መሣሪያዎች አምራች ሲስኮ ሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሬሸንዶ ኮሙኒኬሽንስ የተባለችውን ትንሽ ኩባንያ 95 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ሲገዛ፣ የክሬሸንዶ የዓመት ገቢ ቢበዛ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዋጋው የተጋነነ ይመስላል። ይሁን እንጂ እንደ ቦይንግ ያሉ ትልልቅ ደንበኞች ኔትወርኮችን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ራውተር ሌላ፣ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘውን ስዊች የሚባለውንም መሣሪያ እንደሚፈልጉ ለሲስኮ በግልጽ ነግረውት ስለነበር፣ ኩባንያው የሌለውን ዕቃ ከባዶ ተነሥቶ ሲሠራ ዓመታት ከሚያባክን የሠራውን መግዛት መረጠ። ከክሬሸንዶ የተገኘው የካታሊስት ስዊች ቆይቶ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያስገባ ምርት ሆነ። ሲስኮ ከዚያ ወዲህ ከ200 በላይ ድርጅቶችን ገዝቷል፤ ከሁሉም ትልቁ፣ በማርች 2024 የተጠናቀቀው የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር አምራቹ የስፕላንክ ግዢ፣ 28 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። (ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ ድርጅት መግዛትና ደጋግሞ መግዛት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለግዢ የሚሆን ገንዘብ ከባንክም ከቦንድ ገበያም ይገኛል፤ አክሲዮንም እንደ ገንዘብ ያገለግላል። ከየትም ተበድረው የማያመጡት ሰውን ነው። የገዢውን ኩባንያ አሠራር ከነጓዳው የሚያውቁ፣ የተገዛውን ድርጅት ሠራተኞች ሳያስደነብሩ ማነጋገር የሚችሉ፣ የደመወዝ መክፈያውን፣ የሒሳብ መዝገቡን፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱንና የደንበኞችን ውል አንድ በአንድ የሚያገናኙ ሰዎች በየትኛውም ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጥቂት ናቸው። አዲስ ግዢ በመጣ ቁጥር የሚጠሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ውህደት ሳይጨርሱ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ሳይቋጩ ወደ ሦስተኛው ሲዛወሩ፣ በጅምር የቀረው ሥራ አይጠፋም፤ እንደ ዕዳ ይቀመጣል፣ ወለዱም በሚቀጥለው ግዢ ላይ ይደመራል። ብዙ ግዢ የፈጸሙ ኩባንያዎችን ታሪክ ስንመለከት በዋጋ ድርድር ከተጎዱት ይልቅ በዚህ ዕዳ የተጎዱት የሚበዙ ይመስለኛል።

ሲስኮ ይህን ከብዙዎች ቀድሞ ተረድቶ ነበር። ከ1995 እስከ 2015 በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት ጆን ቻምበርስ ለግዢ የሚያጩት ድርጅት በአብዛኛው ትንሽ፣ ምርቱን ወደ ገበያ ሊያወጣ የተቃረበ፣ ከተቻለም ለዋናው መሥሪያ ቤት ቅርብ የሆነ ነበር። የሚገዙት በዋናነት መሐንዲሶችን ስለነበር፣ መሐንዲስ ደግሞ ቤቱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ቀይር ሲባል ሌላ ሥራ ማግኘት ስለማይቸግረው፣ ቅርበቱ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነበር። "የማሪዮ ደንብ" እየተባለ የሚጠራ አሠራርም ነበራቸው። ስሙ የመጣው ከክሬሸንዶው መሪ ከማሪዮ ማዞላ ሲሆን፣ ከተገዛ ድርጅት የመጣ ሠራተኛ ከሥራ የሚሰናበተው የሲስኮ ዋና ሥራ አስፈጻሚና የተገዛው ድርጅት የቀድሞ መሪ ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው የሚል ነው። ደንቡ ላይ ላዩን ሲታይ ደግነት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስሌት ነው። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ የሚሰጋ መሐንዲስ የሥራ ልምዱን ማስረጃ ሲያሰናዳ ይውላል እንጂ ምርቱን አይጨርስም።

ይህ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። በ1996 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገዛው የቴሌኮም ስዊች አምራች ስትራታኮም ለሲስኮ ውድ ትምህርት ሆኗል። ግዢው እንደተጠናቀቀ ሲስኮ የስትራታኮምን ሻጮች የኮሚሽን አከፋፈልና የደንበኛ ድልድል በራሱ ደንብ ለወጠው፤ ከሻጮቹም ሲሶ ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቁ። ሻጭ ሲለቅ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ለዓመታት ያፈራው የደንበኛ ቅርበት አብሮት ይሄዳል። ሲስኮ በ1999 ሴረንት የተባለውን የፋይበር ኦፕቲክ መሣሪያ አምራች በ6.9 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ሲገዛ በሌላ መንገድ ሄደ። የሴረንት ሻጮች ከነደንበኞቻቸው ባሉበት እንዲቆዩ ተደረገ፤ ሁለት የሲስኮ ሻጮች የአንድን ደንበኛ በር ቢያንኳኩም ይሁን ተባለ። የማምረቻውና የአቅርቦቱ ሥራ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሲስኮ ሥርዓት ገባ። ግዢው ሲዘጋ እያንዳንዱ ሠራተኛ አለቃው ማን እንደሆነ፣ መደቡ ምን እንደሚባልና ጥቅማ ጥቅሙ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ እንዲያውቅ ተደርጎ ነበር።

በእነዚህ በሁለቱ ግዢዎች መካከል ያለው ልዩነት ከውህደት ፍጥነት በላይ ነው። "ቶሎ አዋህዱ" እና "ጊዜ ስጡ" የሚሉት ሁለት ምክሮች በየአማካሪ ድርጅቱ ሲከራከሩ ይሰማል፤ ሴረንት ላይ የሆነው ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው። ደንበኛ የማያየው፣ ሠራተኛውም የማይቆረቆርለት ነገር፣ ማለትም የግዥ ትእዛዝ፣ የመጋዘን ሥርዓት፣ የሒሳብ መዝገብ በፍጥነት ይዋሃዳል። ሰው የተሳሰረበት ነገር፣ ማለትም ደንበኛ፣ ኮሚሽን፣ የቡድን አመራር ይቆያል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሰው ውሉ ከመፈረሙ በፊት በድርድሩ ክፍል ውስጥ ከሌለ፣ በኋላ ቢመጣ ከተሰጠው ተስፋና ከተጻፈው ውል ጋር ሲታገል ይኖራል።

ሆኖም ሲስኮም ቢሆን አቅሙን ያለፈበት ጊዜ አለ። በ2000 ብቻ 23 ድርጅቶችን ገዛ። በ2001 የቴሌኮም ገበያው ሲወድቅ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የመጋዘን ክምችት ከሒሳቡ ሰረዘ፤ ወደ 8,500 የሚጠጉ ሠራተኞችንም አሰናበተ። የገበያውን ውድቀት ያመጡት ግዢዎቹ አይደሉም፤ ነገር ግን ገቢው በየዓመቱ እየጨመረ በነበረበት ዘመን ተሸፍኖ የቆየውን ድርብርብ ሥራ ገለጠው። በተለያዩ ክፍሎች ውስጥ ያሉ የመሐንዲስ ቡድኖች፣ አንዳንዶቹም ከተገዙ ድርጅቶች የመጡ፣ ተመሳሳይ ችግር ለየብቻቸው ሲፈቱ እንደነበር ታየ፤ ቻምበርስም ምህንድስናውን በማዕከል መልሰው አደራጁት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኩባንያው በ2009 ፒዩር ዲጂታልን፣ ፍሊፕ የተባለችውን የኪስ ቪዲዮ ካሜራ አምራች፣ በ590 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ገዛ። ለድርጅቶች የኔትወርክ መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ ለቤተሰብ መዝናኛ ካሜራ መሸጥ ጀመረ ማለት ነው፤ የእኛ ሰው "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው። ፍሊፕ በ2011 ተዘጋ። በ2003 የተገዛውና በቤት ራውተር የሚታወቀው ሊንክሲስም በ2013 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ሲስኮ የዳበረ የማዋሃድ ሥርዓት ነበረው፤ ሥርዓቱ ግን የተሠራው ለሚያውቀው ዓይነት ድርጅት፣ ለሚያውቀው ዓይነት ደንበኛ ነበር።

ከሲስኮ ፈጽሞ የተለየ መንገድ የተከተለው የቢራው ዓለም ነው። የቤልጂየሙ ኢንተርብሩና የብራዚሉ አምቤቭ በ2004 ተዋህደው የፈጠሩት ኢንቤቭ፣ በ2008 የአሜሪካውን አንሃይዘር ቡሽ በ52 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። ከጀርባው የነበሩት ብራዚላውያን ባለሀብቶች፣ ዦርጌ ፓውሎ ሌማንና ባልደረቦቹ፣ የሚታወቁበት መሣሪያ የዜሮ በጀት አሠራር ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ባለፈው ዓመት ያወጣውን ወጪ መነሻ አድርጎ ሳይሆን ከዜሮ ተነሥቶ እያንዳንዷን ወጪ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። በአንሃይዘር ቡሽ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በሴንት ሉዊስ፣ የነበሩት ሥራ አስኪያጆች የግል ቢሮዎቻቸውን ለቀው በክፍት አዳራሽ ጠረጴዛ ተሰጣቸው፤ የኩባንያው የመዝናኛ ፓርኮች በ2009 ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ። እዚህ ቤት ምን ይቆይ፣ ምን ይዋሃድ የሚል ጥያቄ የለም። የተገዛው ሁሉ የገዢውን ልብስ ይለብሳል። አሠራሩ ለዓመታት ውጤት አምጥቷል፤ የሚቆረጥ ወጪ በበዛበት ቤት መቀስ ሥራ አያጣም።

ችግሩ የመጣው እያንዳንዱ ግዢ የሚቀጥለውን የግድ ማለት ሲጀምር ነው። ወጪ ቆርጦ የሚገኝ ትርፍ በሁለት በሦስት ዓመት ያልቃል፤ ትርፉን ማሳደግ ለመቀጠል ሌላ ወፍራም ወጪ ያለበት ኩባንያ መግዛት ያስፈልጋል። አንሃይዘር ቡሽ ኢንቤቭ በ2013 የሜክሲኮውን ግሩፖ ሞዴሎ በ20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ2016 ደግሞ ሳብሚለርን ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዛ። ከዚያ በኋላ ሊገዛ የሚችል የዚያን ያህል ትልቅ የቢራ ኩባንያ አልቀረም፤ ዕዳው ግን ቀርቷል። በ2018 ኩባንያው ዕዳውን ለመቀነስ ሲል ለባለአክሲዮኖች የሚከፍለውን ትርፍ በግማሽ ቆረጠ። እነዚሁ ባለሀብቶች ከአሜሪካዊው ባለሀብት ከዋረን ቡፌት ጋር ሆነው በ2015 ያዋሃዱት የምግብ አምራች ክራፍት ሃይንዝም በተመሳሳይ መንገድ ሄደ። በፌብሩዋሪ 2019 ክራፍትንና ኦስካር ማየርን ከመሰሉ የንግድ ስሞቹ ዋጋ ላይ 15.4 ቢሊዮን ዶላር ከሒሳቡ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ሸማቹ ከታሸገ ምግብ ሲርቅ አዲስ ምርት ለማውጣትና ስሙን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ወጪ ቀድሞ የተቆረጠው እንደነበር ብዙ ተንታኞች ያኔ ጽፈዋል፤ እኔም የምስማማበት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጨርሶ አለማዋሃድ ነው። ቡፌት እስከ 2025 መጨረሻ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት በርክሻየር ሃታዌይ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ያሏቸውን ድርጅቶች ይዞ በኦማሃ ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚሠሩት ከ30 ያልበለጡ ሰዎች ናቸው። በካናዳ በ1995 የተመሠረተው ኮንስቴሌሽን ሶፍትዌርም ለአንድ የሥራ ዘርፍ ብቻ የሚያገለግል ሶፍትዌር የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶችን በመቶዎች እየገዛ፣ እያንዳንዱን ባለበት ትቶ፣ የካፒታል አመዳደቡን ብቻ ይቆጣጠራል። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ድርጅቶቹ እርስ በርስ ደንበኛ የማይጋሩ ሲሆኑ ነው። የአውራ ጎዳና የክፍያ ሥርዓትና የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሶፍትዌር አንድ የደንበኛ ዝርዝር አያስፈልጋቸውም።

ባንክ ግን ያስፈልገዋል። ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ከትራቨለርስና ከባንኩ ከሲቲኮርፕ ውህደት በ1998 የተወለደው ሲቲግሩፕ ለዓመታት ባንኮችን፣ የካርድ ድርጅቶችንና የአክሲዮን ደላላ ድርጅቶችን ሲገዛ ቆይቷል፤ የየድርጅቶቹን የመረጃ ሥርዓት ግን እስከ መጨረሻው አላዋሃደም። ይህ ዕዳ የተጠየቀው ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በኦክቶበር 2020 የአሜሪካ የባንክ ተቆጣጣሪ በአደጋ አመራሩና በመረጃ አያያዙ ምክንያት 400 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ በጁላይ 2024 ተቆጣጣሪዎች ማሻሻያው በሚፈለገው ፍጥነት አልሄደም ብለው ሌላ 136 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩበት። ግዢዎቹን የወሰኑት መሪዎች በዚያ ጊዜ ከቤቱ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሥራው የወደቀው በ2021 መንበሩን በያዙት በጄን ፍሬዘር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የቢራ ገበያችን ራሱ የግዢ ገበያ ነው፤ ካስቴል በቢጂአይ በኩል ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1998፣ ሃይነከን ሐረርንና በደሌን በ2011 በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ ዲያጆ ሜታ አቦን በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ሜታ በ2022 ከዲያጆ እጅ ወጥቶ ወደ ቢጂአይ ገባ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የባንኩ ዘርፍ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ፣ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ ጊዜ ሰጥቷል፤ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ዓ.ም. ደግሞ በሩን ለውጭ ባንኮች ከፍቷል። በሁለቱም ምክንያት ስለ ባንኮች ውህደት የሚነገረው ስለ ካፒታል፣ ስለ አክሲዮን ምንዛሪና ስለ ስም ነው። በ2008 ዓ.ም. ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር የተዋሃደበት ልምድ አለን፤ ነገር ግን የሁለቱም ባለቤት መንግሥት ስለነበር ከውህደቱ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ፣ ማን ማንን ይመራል የሚለው፣ ገና ከመነሻው የተመለሰ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያሏቸው ሁለት የግል ባንኮች ሲገናኙ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሥራውን ከቅርብ እንየው። አንዱ ባንክ ቲ24 በተባለው የኮር ባንኪንግ ሥርዓት፣ ማለትም የደንበኞች ሒሳብ በሚያዝበት ዋና ሶፍትዌር፣ ሌላው በፍሌክስኪዩብ ይሠራል እንበል። አንድ ነጋዴ በሁለቱም ዘንድ ሒሳብ አለው። ስሙ በሁለቱም ሥርዓት የተመዘገበው በላቲን ፊደል ነው፤ "ተስፋዬ"ን አንዱ ጸሐፊ በመጨረሻዋ ፊደል፣ ሌላው ያለ እርሷ ጽፎታል፤ የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም፤ የልደት ቀኑ አንዱ ጋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ገብቷል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህ ነጋዴ ከአንዱ ባንክ ብድር ወስዶ በሌላው ለሚስቱ ብድር ዋስ ከሆነ፣ አዲሱ ባንክ በአንድ ቤተሰብ ላይ ያለውን ጠቅላላ ተጋላጭነት ማየት አይችልም። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ይህን ለማስታረቅ ይረዳል፤ ቁጥሩ በሁለቱም መዝገብ በትክክል መግባቱን ግን አንድ ሰው ማረጋገጥ አለበት። የመያዣ ሰነዶቹ፣ የቤት ካርታዎቹና የተሽከርካሪ ሊብሬዎቹ በየቅርንጫፉ ካዝና በወረቀት ተቀምጠዋል። ከዚያ የደረጃና የደመወዝ እርከን ይመጣል፤ በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች ወደ አንድ ሲጠቀለሉ ከሁለቱ ሥራ አስኪያጆች አንዱ ብቻ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል።

ይህን ሥራ በጥድፊያ የሞከረ ባንክ ምን እንደሚገጥመው የብሪታንያው ቲኤስቢ አሳይቷል። የስፔኑ ሳባዴል በ2015 በ1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገዝቶት፣ ሒሳቦቹን ከቲኤስቢ የቀድሞ ባለቤት ከሎይድስ ባንክ ሥርዓት ወደ ራሱ ሥርዓት ለማዛወር ወሰነ። ከ5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን በየምድቡ ቀስ በቀስ ከማዛወር ይልቅ በአንድ የሳምንት መጨረሻ፣ በአፕሪል 2018፣ በብዛት አሸጋገራቸው። 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሒሳባቸው ተቆለፈባቸው፤ አንዳንዶች የሌላ ሰው ሒሳብ ታያቸው፤ ባንኩ ሙሉ በሙሉ ወደ መደበኛ አገልግሎት የተመለሰው በዲሴምበር ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ለቀቁ። ተቆጣጣሪዎቹ በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት፤ በ2023 ደግሞ የቀድሞውን የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ በግላቸው 81,620 ፓውንድ አስከፈሏቸው። የሒሳቡ መረጃ ራሱ ሳይጎድል ተዛውሮ ነበር፤ የተሰናከለው አዲሱ ሥርዓት የደንበኛውን ብዛት መሸከም ስላልቻለ ነው፤ በቂ ሙከራ አልተደረገበትም ነበር።

በእንዲህ ያሉ ታሪኮች ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ክፍተት አለ፤ ግዢውን ያጸደቀው ቦርድ ከሦስት ዓመት በኋላ "ያኔ የተባለው ተገኘ ወይ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ የለውም። የሒሳብ ደንቡም አያስገድደውም። ገዢው ከንብረቱ ትክክለኛ ዋጋ በላይ የከፈለው ገንዘብ ጉድዊል ተብሎ በሚዛን ሰነዱ ላይ ይቀመጣል፤ በየዓመቱ ዋጋው መቀነስ አለመቀነሱ ይመረመራል። ግን የተገዛው ድርጅት ከገዢው ክፍል ጋር አንድ ላይ ስለሚመረመር፣ ጤነኛው ክፍል የታመመውን ለዓመታት ሊሸፍነው ይችላል። ብዙ ግዢ በፈጸመ ኩባንያ ውስጥ ሽፋኑ በዚያው ልክ ይወፍራል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃዎች ቦርድ በማርች 2024 ለአስተያየት ባቀረበው ረቂቅ፣ ኩባንያዎች ለዋና ዋና ግዢዎቻቸው ያስቀመጡትን ዓላማና በቀጣዮቹ ዓመታት የደረሱበትን ውጤት ለባለአክሲዮኖች እንዲገልጹ ሐሳብ አቅርቧል። ኢትዮጵያም ዓለም አቀፉን ደረጃ በአዋጅ ስለተቀበለች፣ ረቂቁ ከጸደቀ የኢትዮጵያ ባንኮችም ሪፖርታቸውን በእርሱ መሠረት ያቀርባሉ፤ ይሁንና ውህደት የሚያጸድቁ ባለአክሲዮኖች ይህን ጥያቄ በጠቅላላ ጉባኤያቸው በቃለ ጉባኤ ለማስያዝ የማንንም ረቂቅ መጠበቅ የለባቸውም።